ክርክር፦ አትላንታ ላይ መንገድ ያስቆመው የጭስ በጀት

አሜሪካ ውስጥ አየሩ ከመስፈርት በላይ የቆሸሸ ከተማ መንገድ እንደልቡ አይሠራም። የአየር ንጽሕና ሕጉ በ1990 ሲሻሻል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ነገሩን ከገንዘብ ጋር አጥብቆ አሰረው። የከተማው የመንገድ እቅድ ለመኪና ጭስ ከተመደበው ጣሪያ እንደማያልፍ በሒሳብ ካልታየ፣ ለአዲስ መንገድ የፌዴራል ገንዘብ የለም። ባለሙያዎቹ ‹ኮንፎርሚቲ› ይሉታል። አትላንታ በጃንዋሪ 1998 ይህን ፈተና ወደቀች። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ብዙ የመንገድ ሥራ ታገደ።

ዛሬ የሚከራከሩት ሁለት የአትላንታ ሰዎች ናቸው። እሳቸው ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት ጀምሮ ሾፌር ናቸው፤ ይህ ሕግ ይቅር ይላሉ። እሷ ስደተኛ በሚበዛባት የአትላንታ ዳር ከተማ በክላርክስተን ያደገች የትራፊክ መሐንዲስ ናት፤ ይቆይ ትላለች።

ሾፌሩ

ወረቀቴ ላይ ልደቴ ጃንዋሪ 1 ነው። እናቴ የወለደችኝ ግን ክረምት ላይ ነው። ስደተኛ ካምፕ የተመዘገበ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጆርጂያ ውስጥ ደግሞ የመኪና ታርጋ የሚታደሰው በልደት ቀን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የፈረንጅ ገና ሲደርስ፣ እኔና የኔ ቢጤዎች ኤሚሽን (የመኪና ጭስ) ለማስመርመር ሰልፍ ላይ ነን።

አንድ ዓመት ወደቅሁ። ሞተሩ ደህና፣ ጭሱ ደህና። የቤንዚን ክዳኔ ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ‹ቼክ ኢንጂን› አብርቷል። ክዳን ፍለጋ ስዞር፣ ተመልሼ ስሰለፍ የግማሽ ቀን ሥራዬ ሄደ። ቆሜ ከተማውን የሚዞረውን ሃይዌይ፣ 285ን አያለሁ። ባለ 18 ጎማው ጥቁር ጭሱን እየተፋ ያልፋል። እሱን ይህ ምርመራ አይነካውም። ምርመራው ለቤንዚን መኪና ነው።

ክርክሬ ከዚህ ይነሳል። ሕጉ የሚይዘው እጁ የደረሰበትን ነው።

በ1998 መንገድ ሲታገድ ቤት መሥራት ቆመ እንዴ? አልቆመም። ከአትላንታ ሰሜን ያለው ፎርሳይዝ ካውንቲ (እንደ አውራጃ ነው) በዚያ አሥር ዓመት ከመላው አሜሪካ ፈጥነው ካደጉት አንዱ ነበር። ግዊኔትም ቢሆን ወደ ኋላ አላለም። ቤቱ ይሠራል፣ ሰዉ ይገባል፣ መንገዱ ያው የጥንቱ ነው። ለገበሬ ፒክአፕ በተሠራ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ስንቱ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ይውላል። የቆመ መኪና አይጨስም ያለው ማነው? ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲደመር ቀላል ነው። መሪ ይዞ ያየው ያውቀዋል።

መሐንዲሷ

ጋሼ፣ በክዳኑ አዝኛለሁ። ግን ሁለት ነገር ደባለቁ። ኤሚሽን ምርመራው የሚያየው ያለውን መኪና ነው። ኮንፎርሚቲ የሚያየው ገና ያልተሠራውን መንገድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስቴቱ አየሩን እንዴት እንደሚያጸዳ እቅድ ያቀርባል። ለፋብሪካ ይህን ያህል፣ ለመኪና ይህን ያህል ቶን በቀን ብሎ ጭሱን ይመድባል። እናቴ ደመወዟን ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለእቁብ እያለች በየፖስታው እንደምትለየው ማለት ነው። ከዚያ የአትላንታ ክልላዊ ኮሚሽን ሃያ ዓመት አሻግሮ ያሰላል። ይህ መንገድ ቢሰፋ፣ ያ ባቡር ቢቀጠል፣ ይህን ያህል ሰው እዚህ ቢሰፍር፣ መኪናው ስንት ማይል ይሄዳል? ስንት ቶን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይወጣል? ድምሩ ከፖስታው ካለፈ እቅዱ አያልፍም። በዚያን ጊዜ የሜትሮ አትላንታ ሰው በአማካይ በቀን 34 ማይል ገደማ ይነዳ ነበር። ፖስታው ተቀደደ።

ለምን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ላይ እንደምንጨቀጭቅ ልንገርዎት። አትላንታ ጫካ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። የኦክ ዛፍ ሙቀት ሲበረታ አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከመኪናና ከኃይል ማመንጫ ከሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ፀሐይ ላይ ሲገናኝ ኦዞን ይሠራል። ሳንባ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ዛፉን ቆርጠን አንጨርሰው። የቀረን ሌላውን መቀነስ ነው።

ደግሞ ያኔ ካውንቲዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ60 በላይ የመንገድ ሥራዎችን ‹እነዚህማ ከእገዳው በፊት የተፈቀዱ ናቸው› ብለው ሊያሳልፉ ሞከሩ። የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ከሰሱ። በማርች 1999 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ ላይ፣ እንዲህ ያለው ማምለጫ ሕግ የለውም ብሎ ወሰነ። አትላንታ ላይ ሰኔ ውስጥ ታረቁ፤ አብዛኞቹ ሥራዎች ከዝርዝሩ ወጡ። በዚያው ዓመት አገረ ገዢው ሮይ ባርንስ የክልል ትራንስፖርት ባለሥልጣን አቋቋሙ። ግርታ ይሉታል በምህጻረ ቃል። (አማርኛ ጆሮ ላይ ስሙ አያምርም፤ እኔ አላወጣሁትም።) ካውንቲዎቹ ገንዘቡ ሳይያዝ በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ከሁሉ የምወደው ግን 17ኛ መንገድ ያለው ድልድይ ነው። ሁሉ ነገር ታግዶ ሳለ ይህ እንዲሠራ ተፈቀደ። መሐል ከተማ፣ ከ75/85 ሃይዌይ ወዲያ፣ 138 ኤከር የሚሆን የተዘጋ የብረት ፋብሪካ መሬት ነበር። እዚያ ቤትና ሱቅ ቢሠራ የሚገባው ሰው ዳር ከሚሰፍረው ያነሰ ማይል ይነዳል ተባለ። ስለዚህ ድልድዩ ራሱ ጭስ መቀነሻ ተብሎ ተቆጠረ። በ2004 ተከፈተ። ዛሬ አትላንቲክ ስቴሽን የሚባለው ሰፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እሻገረዋለሁ። ቢጫ ነው፣ የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው። ከሥር ያለው ሃይዌይ ቆሟል፤ እኔ እሄዳለሁ።

ኦሎምፒኩንም ያስታውሱ። በ1996 መሐል ከተማው ለመኪና ሲጠብ የጠዋቱ ትራፊክ 22.5 በመቶ ቀነሰ። የቀኑ ከፍተኛ ኦዞን ወደ 28 በመቶ ወረደ። በሜዲኬይድ (መንግሥት ለድሃ በሚሰጠው የሕክምና መድን) የሚታከሙ ልጆች በአስም ለድንገተኛ ሕክምና መሄዳቸው 42 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ይህ በ2001 የታተመ ጥናት ነው። ወንድሜ አስም አለበት። እናቴ ኢንሄለሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነበር ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው።

ሾፌሩ

ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማረው። ነገሩ ግን ግማሹን ነው የነገርሽን።

ያን ኦሎምፒክ ከዳር እስከ ዳር የነዳሁት እኔ ነኝ። ሰዉ ፈርቶ ከተማውን ለቆ ወጥቷል። ለአሥራ ሰባት ቀን መንገዱ የኔ ብቻ ነበር የሚመስለው። ደግሞ ቆይተው ሌሎች ተመራማሪዎች መልሰው አዩት፤ በ2010 ወጣ። በዚያ ሰሞን ኦዞን የቀነሰው ኦሎምፒክ ባልደረሰባቸው የደቡብ ምሥራቅ ከተሞችም ነው አሉ። የአየር ጠባዩ ነበር። ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው ቁጥርም ያን ያህል ልዩነት አላሳየም። ልጄ ናት አንብባ የነገረችኝ፣ ኮሌጅ የምትማረዋ። መሐንዲስ ብቻ አይደለም የሚያነበው።

አየሩ ተሻሽሏል፣ አልክድም። ድሮ በነሐሴ ሰማዩ ቡና በወተት ይመስል ነበር። ግን ማን አጸዳው? ከ2004 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት አዲስ መኪና ላይ ጥብቅ መስፈርት አወጣ፣ ከቤንዚኑም ድኝ አስቀነሰ። የኃይል ማመንጫዎቹም ማጣሪያ ገጠሙ። መኪናው ራሱ ጸዳ። የናንተ የሃያ ዓመት ድምር አይደለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባውን ግምት ትንሽ ነካ ሲያደርጉት መልሱ ይቀየራል፤ ይህን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ኖርዘርን አርክ የሚሉትን ደግሞ እንዴት ዘለልሽው? ከከተማው ሰሜን 59 ማይል አዲስ ሃይዌይ! ያው ግርታን ያቋቋሙት አገረ ገዢ ናቸው የገፉበት። ያስቆመው ምንድን ነው? ሕዝቡ ነው። በሰፈሩ የጮኸው ባለርስት። በ2002 ባርንስ እቅዱን አቆሙት፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ምርጫውንም ተሸነፉ። ሕግሽ ትንኝ ይይዛል፣ ዝሆኑ በአጠገቡ ያልፋል።

እኔ ከክላርክስተን ለምን ወጣሁ? ትራፊክ ናፍቆኝ አይደለም። አምስት ሰው ሁለት መኝታ ውስጥ አልበቃ ቢለን፣ ኪሴ የቻለው ቤት ግዊኔት ውስጥ፣ ስኔልቪል ተገኘ። ለኔ ያቺ ቢጫ ድልድይ ያላት ሰፈር መስኮት ናት። እያየሁ አልፋለሁ፣ ኪራዩን አልችለውም። ‹ቅርብ ኑር፣ ትንሽ ንዳ› ለማለት መጀመሪያ ቅርብ የሚኖርበት ቤት ይኑር።

መሐንዲሷ

በጥናቱ ያሉት እውነት ነው። ኦሎምፒኩን ዳግም ለማስረጃ አላቀርበውም። የቤቱ ነገር ደግሞ አሳመመኝ፣ ምክንያቱም መልስ የለኝም። እኛ ስለ መንገድ እንወስናለን፤ ስለ ቤት ፈቃድ የሚወስነው ካውንቲው ነው። ሕጉ እዚያ አይደርስም። ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

ግን መኪናው ራሱ ጸዳ ያሉትን አልቀበልም። ንጹሕ መኪና ሲመጣ ፖስታው ውስጥ ገንዘብ ተረፈ ማለት ነው። ጣሪያ ከሌለው የተረፈውን ማን ይበላዋል? ተጨማሪ ማይል ይበላዋል። አስፋልት ሲሰፋ መኪና ይሞላዋል። አትላንታ ላይ መሐል ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው 75/85 ስንት ጊዜ ሰፋ? ዛሬ አምስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ ሰዓት ይግቡበትና ይንገሩኝ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝም መቼም። ግዊኔት ይኖራሉ። ካውንቲው የሕዝብ ትራንስፖርት ላስፋፋ ብሎ በ2019፣ በ2020 እና በ2024 ድምፅ አስሰጠ። ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ። እርስዎ ምን አሉ?

ሾፌሩ

አንቺ ልጅ መርማሪ ነሽ እንዴ?

እሺ። በ2019 እምቢ አልኩ። በዶላር አንድ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ይጨመራል ሲሉ፣ የልጆቼን ጫማ፣ የመኪናዬን ጎማ አሰብኩ። ደግሞ ማርታ (አዲስ መጪ የሰው ስም እየመሰለው ግራ ይጋባል፤ የአትላንታ ባቡርና አውቶቡስ ነው) ለኔ ምን ትሠራለች? እኔ ወደ አየር ማረፊያ የምወጣው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ባቡሩ ተኝቷል። ያቺ ግርታ የጀመረችው አውቶቡስም የቢሮ ሰው ጠዋት ወደ ከተማ አስገብታ ማታ የምትመልስ ነበረች።

በ2020 ግን እሺ አልኩ። ምክንያቴ ሚስቴ ናት። ሆቴል ነው የምትሠራው፣ መኪናዋ ሲበላሽ ሥራ ላይ በሰዓቷ መድረስ አቃታት፣ ሁለት ወር እኔ ሳመላልሳት ነበር። በዚያ ዓመት ጉዳዩ የወደቀው ወደ አንድ ሺህ በሚጠጋ ድምፅ ነው። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ፣ አንድ ሺህ! ጥምቀት ላይ አንድ ታቦት የምናጅበው እንኳ ከዚያ አናንስም።

ግን ተመልከቺ። ይህን የወሰነው ድምፅ ሰጪ ነው። የጭስ ሕጉ አንዲት አውቶቡስ ሊያመጣልኝ አልቻለም። መከልከል ብቻ ነው የሚያውቀው።

መሐንዲሷ

መከልከል ብቻ ያሉት ልክ ነው ማለት ይቻላል። ሕጉ ፍሬን ነው። መሪ አይደለም።

ፍሬኑን ግን አሁን ልንፈታው ነው? አትላንታ የ2015ቱን የኦዞን መስፈርት አሟልታለች የተባለው በ2022 ነው። መስፈርቱ ከቢሊዮን የአየር ክፍል 70 ኦዞን ነው፤ እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ አለካኩ ቢለይም፣ 120 ነበር። ተሟላ ማለት ተፈታ ማለት አይደለም። ስቴቱ አየሩን ጠብቆ እንደሚያቆይ እቅድ አስገብቷል፣ ኮሚሽኑም የመንገድ እቅዱን አሁንም በዚያ ጣሪያ ያስመዝናል። አዲስ ሰው እየጎረፈ ነው። መጋዘኖቹ እየበዙ ነው። ያ 285 ላይ ያዩት ባለ 18 ጎማ እየበዛ ነው።

ሾፌሩ

እንግዲያው ትራኩንም አስሩት። ቤት ሠሪውንም አስሩት። ሁሉም ከአንድ ፖስታ ይብላ። ያኔ እኔም ክዳኔን በየዓመቱ እየቀየርኩ እመጣለሁ፣ ቅሬታ የለኝም።

መሐንዲሷ

የቤቱን ጉዳይ ካውንቲው ነው የሚሰማው፤ ለሕዝብ ክፍት ስብሰባ አለው። ሁለት ደቂቃም ቢሆን ይናገራሉ። አብሬዎት እሄዳለሁ።

ሾፌሩ

ስንት ሰዓት ነው?

መሐንዲሷ

ማታ ነው፣ አንድ ሰዓት ላይ።

ሾፌሩ

ማታ አንድ ሰዓት ላይማ ቤት የለሁም። 85 ላይ ነኝ።