ከመርፌው በኋላ የሚመጣው መንዘፍዘፍ አለርጂ አይደለም

በቅማል የሚተላለፈውና የሚያገረሸው ትኩሳት ብዙውን ጊዜ በአንድ መርፌ ፔኒሲሊን ይድናል። አደገኛው ሰዓት ግን ያኔ ይጀምራል። መርፌው ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ታካሚው በብርድ ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ወግቶ ወዲያው ወደ ቤት መሸኘት መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ የሚያስነሳው የሕዋሳት መልእክት ነው። ሞኖሳይትና ማክሮፌጅ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በፔኒሲሊኑ የተመታው የበሽታው መንስኤ፣ ቦረሊያ የተባለው ባክቴሪያ፣ ሽፋን ላይ ያለውን ፕሮቲን ሲያገኙ ቲኤንኤፍ የተባለ ሳይቶካይን፣ ማለትም ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር፣ ያመነጫሉ። እሱ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያላላል፤ ፈሳሽ ያፈተልካል፣ ግፊት ይወርዳል። ሌላው መልእክተኛ ኢንተርሉኪን-8 ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠራል። ኢንተርሉኪን-6 ደግሞ አንጎል ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል፤ ትኩሳቱን የሚያወጣው ይሄ ነው። ፓራሲታሞል የሚገታው ይህንን የመጨረሻ እርከን ብቻ ስለሆነ መንዘፍዘፉን አያስቀርም።

ማስረጃው ከራሳችን አገር የተገኘ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ከተሰጣቸው 20 ታካሚዎች ምልክቱ የታየው በ10 ነው፤ ካልተሰጣቸው 29 ግን በ26። አንዱን መልእክት መዝጋት ብዙዎችን አዳነ፣ ሁሉንም ግን አላዳነም፤ ሌሎቹ መልእክቶች ሥራቸውን መቀጠላቸው ይመስለኛል።

ይህ ቲኤንኤፍን የሚያመክን መድኃኒት በየጤና ጣቢያው የለም፤ ክትትል ግን ይቻላል። ከመርፌው በፊት የደም ሥር መስመር ይከፈት፣ ግፊትና ሙቀት በየግማሽ ሰዓቱ ይለካ፣ ታካሚው ሌሊቱን ተኝቶ ይደር። በሽታው ልብንም ስለሚነካ ፈሳሽ በጅምላ አይለቀቅበት፤ ሳንባው እየተደመጠ ይሰጠው። በማግስቱም ብድግ ሲል ሊወድቅ ስለሚችል ብቻውን ወደ መጸዳጃ ቤት አይላክ።

የፔኒሲሊን አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ ቆዳ በሽፍታ ይነሳል፣ ከንፈርና ጉሮሮ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያፏጫል። ያኔ አድሬናሊን የግድ ነው። ይህ ሁሉ ሳይኖር፣ ከመርፌው አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ስለተንዘፈዘፈ ብቻ ካርዱ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ የተጻፈበት ወጣት፣ ነገ የሩማቲክ ልብ ሕመም ቢገኝበት በየወሩ የሚያስፈልገውን የፔኒሲሊን መርፌ ሊከለከል ይችላል።