«እሱም ጥሩ ነው»

አንድ ወዳጄ ልጁ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ልጅቷም አጠገቡ ቆማለች። «የት ገባች?» አልኩት። ስሙን ነገረኝ። ሰምቼው አላውቅም። ትንሽ ዝም አልኩና «እ... እሱም ጥሩ ነው» አልኩ። ልጅቷ አቀርቅራ ጫማዋን አየች። አባትየው ፈጠን ብሎ «ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተዋት እኮ ነው» አለ። ይቅርታ የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው። አስቡት እንግዲህ፣ ልጁ አራት ዓመት በነፃ ልትማር ነው፣ እሱ እኔን ይቅርታ ይለኛል!

ጥፋቱ «እሱም» ላይ ያለችው «ም» ናት። አንዲት ፊደል ናት፤ ግን የልጅ አንገት ታስደፋለች። ወገኖቼ፣ ይህችን «ም» የምላት እኔ ብቻ አይደለሁም። በየምርቃቱ፣ በየስልኩ፣ በየፌስቡኩ እንላታለን። ዛሬ የምቆጣው እናንተንም ራሴንም ነው።

ሚዛናችን ጆሯችን ሆኗል። ስሙን ሰው ያውቀዋል? ለመግባት ይከብዳል? በቃ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። «ከመቶ አመልካች አምስቱን ብቻ ነው የሚቀበሉት» ሲባል አፋችንን እንከፍታለን። ይህ ቁጥር የሚነግረን ስንት ሰው ከበር እንደተመለሰ ነው። ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ደግሞ ቁጥሩን ማሳነስ ከባድ አይደለም። አንድ መምህር ሳይጨምሩ፣ አንድ ላብራቶሪ ሳያድሱ፣ ማመልከቻውን ቀለል አድርጎ ለብዙ ሺህ ተማሪ «አመልክቱ» የሚል ኢሜይል መላክ ይበቃል። የሚያመለክተው ሲበዛ የሚመለሰውም ይበዛል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎ በ2000ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ከ10 አመልካቾች 4 ያህሉን ይቀበል ነበር። ዛሬ ከ10 አንዱን እንኳ አይቀበልም። ያኔም የኖቤል ተሸላሚዎች ያስተምሩበት ነበር። ያኔ የተመረቀው ታዲያ በቅጡ አልተማረም ልትሉት ነው?

ስለ ደረጃ ሰንጠረዡማ አታንሱብኝ። በመጽሔትነት የጀመረው ዩኤስ ኒውስ ከ1983 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጆችን በተራ ይደረድራል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2ኛ ደርሶ ነበር። በ2022 የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ ቁጭ ብሎ ዩኒቨርሲቲው ለደረጃው የላካቸውን ቁጥሮች መረመረና «ይሄ ነገር አይገጥምም» አለ። ዩኒቨርሲቲውም በኋላ የተወሰነው መረጃ ስህተት እንደነበር አመነ። በዚያው ዓመት 18ኛ ሆነ። ከ2ኛ ወደ 18ኛ ሲወርድ ቤተ መጻሕፍቱ ተቃጠለ? መምህራኑ ለቀቁ? ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ግን ያን ሰሞን ልጁን እዚያ ያስገባ ስንት ወላጅ ሆዱን ቁርጠት ይዞት ይሆን!

ዝና ምንም አይሠራም ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ኢኮኖሚስቶቹ ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ውጤታቸው የሚቀራረብና ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ያመለከቱ ተማሪዎችን አነጻጽረው ነበር። ይበልጥ መራጭ የሆነው ኮሌጅ የገቡት በአማካይ የተለየ ደሞዝ አላገኙም። ጎበዝ ልጅ የትም ቢሄድ ጉብዝናውን ይዞት ነው የሚሄደው። ከድሃ ቤት ለመጡት ግን ልዩነት ነበረው። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በጣም ስመ ጥር የሆኑት ጥቂት የግል ዩኒቨርሲቲዎች አማካይ ገቢን እምብዛም ባይለውጡም፣ ከሀብታሞቹ ጫፍ የመድረስ ዕድልን ከፍ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ስለዚህ እጃችሁ አጭር ሆኖ ልጃችሁ ጎበዝ ከሆነ፣ ዌብሳይቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ዓይታችሁ አትደንግጡ። ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጡት እርዳታ የተነሳ ለድሃ ልጅ ብዙ ጊዜ ከአነስተኛው ኮሌጅ ይረክሳሉ። አመልክቱ። እኔ የምቆጣው በብድር ዝና የሚገዛውን ነው።

እስቲ ኮሌጁ የላከላችሁን የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ አምጡትና ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። ከላይ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። ከሥር ዝርዝር አለ። ስኮላርሺፕ ይህን ያህል፣ እርዳታ ይህን ያህል፣ ብድር ይህን ያህል። ሁሉም በአንድ ዓምድ ተደምሮ «ጠቅላላ ድጋፍ» ይባላል። ብድር ከመቼ ወዲህ ነው ድጋፍ የሆነው? እኔ ለጎረቤቴ ገንዘብ አበድሬ በወለድ ብቀበለው ደግ ሰው ትሉኛላችሁ? የአሜሪካ መንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ግምት፣ 91 በመቶ የሚሆኑት ኮሌጆች ተማሪው በትክክል የሚከፍለውን ወጪ በደብዳቤያቸው ላይ ወይ አይጽፉም ወይ አሳንሰው ነው የሚጽፉት። እስክሪብቶ አንሱና የብድሩን መስመር ሰርዙት። ከዚያ እንደገና ደምሩ። ዶርሙን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን፣ ትራንስፖርቱንም አትርሱ። ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ውጤት ዝቅ ቢል ይቀራል? ደውላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ቀሪውን ልበደር ያለ ደግሞ ይህችን ሒሳብ ይመልከት። 100 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ10 ዓመት የሚከፍል ሰው፣ በየወሩ 1,161 ዶላር ይከፍላል። በመጨረሻ የከፈለው 139 ሺህ አልፏል። ይህን የሚከፍለው ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ደስ ያላለውን ሥራ መልቀቅ አይችልም። ማስተርስ ልማር ቢል ዕዳው ይይዘዋል። በምርቃቱ ቀን «አቤት ስም!» ያላችሁት እናንተ በወር ስንት ልታዋጡለት ነው?

እናት አባቶች፣ በተለይ እናንተ። ልጃችሁ 17 ዓመቱ ነው። ወለድ ምን እንደሆነ በቅጡ አልገባውም። የእናንተ ፊት የት ላይ እንደሚበራና የት ላይ እንደሚጠቁር ግን በደንብ ገብቶታል። ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁ ከበራ፣ ብድሩን ይፈርማል። በገዛ ፊታችሁ ነው ያስፈረማችሁት። ነርስ መሆን ለሚፈልግ ልጅ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ከየትም ይመረቅ ከየት ያው ነው። እሱ ማወቅ ያለበት የዚያ ኮሌጅ ተመራቂዎች ስንቶቹ ፈተናውን እንደሚያልፉ ነው። ስንቶቹ በአራት ዓመት እንደሚጨርሱም ይጠይቅ፤ አምስተኛ ዓመት ማለት ሌላ ክፍያ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከመካከላችን የጠየቀ ማን ነው? እኛ የምናውቀው ሹራቡ ላይ የተጻፈውን ስም ነው።

ያችን ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ምን እያጠናች እንደሆነ ጠየቅኳት። ስለ አፈር ነው አለችኝ፤ አፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች። ከመምህሯ ጋር ላብራቶሪ ውስጥ እየሠራች ነው፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቷ። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራችኝ። አብዛኛው አልገባኝም።