ማስቲሽ ነው፣ አይለቅም

የበረዶ መንሸራተቻ ማለትም ስኪ የሚወድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሊፍት ተጭኖ ተራራ ጫፍ ይደርስና ቁልቁል ይንሸራተታል። ሁለተኛው ሊፍቱ እዚያው ቆሞለት በእግሬ ካልወጣሁ ይላል። የእህቴ ባል ሁለተኛው ነው። ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ነው የሚኖረው። እዚያ ተራራው በመስኮት ይታያል፤ ሰውም ቅዳሜ ሲሆን ስኪውን አስሮ ሽቅብ ይሄዳል። ይህን ለጎረቤቶቼ ሳስረዳ አንዱ «ሊፍቱ መብራት ጠፍቶበት ነው?» አለኝ። ሱሉልታ ላይ ይህ የሚጠበቅ ጥያቄ ነው።

ሽቅብ የሚያስኬደው ስኪው ሥር የሚለጠፍ «ስኪን» የሚባል ረጅም ቁራጭ ነው። ድሮ ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ነበር። ዛሬ የአንጎራ ፍየል ጠጉር ነው፤ ወይ ናይለን፣ ወይ የሁለቱ ቅልቅል። ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ወደ ፊት ሲገፉት ይሸራተታል፤ ወደ ኋላ ግን ወይ ፍንክች። የኛ ገበያ ዋጋ ሥርም እንዲህ ያለ ጠጉር ሳይለጠፍበት አልቀረም። ልዩነቱ፣ የስኪው ተራራው ጫፍ ሲደረስ ተልጦ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ሙጫው ልዩ ነው። ዳገቱን እስኪጨርሱ አጥብቆ መያዝ፣ ሲጎትቱት ደግሞ እሺ ብሎ መላቀቅ አለበት። ይህ በስኪ ሽቅብ የመውጣት ስፖርት በሚላኖ ኮርቲና የክረምት ኦሊምፒክ መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷል። ተወዳዳሪዎቹ ስኪኑን በሰከንዶች ላጥ አድርገው ደረታቸው ውስጥ ይወትፉታል።

የአማቼ ሙጫ አለቀ። ተረከዙን የሚይዘው ማሰሪያም ላላ። ለአምራቹ ድርጅት ጻፈ። «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» አሉት። ገና ሳይታገሥ ተመሰገነ። ቀጥሎ ደረሰኝ ላክ፣ ፎቶ ላክ፣ የዕቃውን ቁጥር ላክ፣ የገዛህበት ሱቅ ሂድ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻጭ ቢያንስ የ2 ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዕቃው የተበላሸው 2 ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስኪው ሕጉን ሳያነብ አልቀረም። ሱቁ ደግሞ «ከማስጠገን አዲስ ይግዙ» አለው፤ በትሕትና።

አማቼ ግን ያደገው እዚህ ነው። የተሰበረ ነገር ይጠገናል ብሎ ያምናል። ስኪውን ጠቅልሎ ለገና ይዞት መጣ።

ደብዳቤው ሱሉልታም ተከትሎት መጣ። የድርጅቱ ቅጽ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ካልሞላህ አላልፍም አለ። የኛ አድራሻ «ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ስትደርሱ ደውሉ» ነው። ቅጹ ላይ «ስትደርሱ ደውሉ» የሚጻፍበት ሳጥን የለም።

ስለዚህ ወደ ጎሚስታው ሄድን። ሱሉልታ የሯጮች አገር ነውና የስፖርት ዕቃ አያስደንቃትም። «ሐበሻና በረዶ ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ቢነሳም አንዱ ሯጭ ወዲያው አፉን አስያዘው። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በስኪ ተወዳድሮ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆኗል፤ በ2002ም ቫንኩቨር ላይ ደግሞታል። ክርክሩ እዚያው ተዘጋ።

ጎሚስታው ስኪኑን አገላብጦ አሸተተው። «ፍየል ነው?» አለ። ነው አልነው። «በቃ ጋሼ፣ ነገ ኑ።»

ነገ ስንመጣ አልቆ ነበር። የስኪውን ሥር በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ሞርሳ ላይ አስሮ አሳድሮታል። «ጎትተው እስቲ» አለው። አማቼ ጎተተ። ልጆች ተጨምረው ጎተቱ። ጎሚስታው እጁን አጣጥፎ ያያል፣ እንደ መምህር። «ማስቲሽ ነው፣ አይለቅም።»

ማሰሪያው ደግሞ ጎረቤቱ ካለው ጋራዥ ገብቷል። ዳገት ላይ በሁለት ሹል ብረት የጫማውን አፍንጫ ብቻ ይዞ ተረከዙን የሚለቀውን ማሰሪያ የፈለሰፈው ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርቴል ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ። የማሰሪያው የመያዝ ጉልበት የሚስተካከለው በሰውየው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ችሎታና በጫማው ርዝመት ተሰልቶ ነው። ሰውየው ሲወድቅ እግሩ ከሚሰበር ጫማው ይለቀቅ ተብሎ። የኛ መካኒክ ማሰሪያው እንደሚለቅ ሲሰማ አዘነ። ቁልፉን አንስቶ እስከ መጨረሻው አጠበቀው። «አሁን በመዶሻ ብትመታው አይለቅህም!»

እኔ ጠጋኞቻችንን አልወቅስም። እኛ ዘንድ የሚመሰገነው የማይለቅ ነው፤ በር ሲሆን፣ ጫማ ሲሆን፣ ጓደኛም ሲሆን። እነዚያ ደግሞ በጊዜው በሚለቅ ነገር ተራቅቀዋል። ከሁሉ ጎልቶ የሚለቀው ግን የደንበኞች አገልግሎታቸው ነው። ደንበኛውን ምንም ሳያሳምመው፣ አመስግኖ ይለቀዋል። የኛ ጎሚስታ ቢያንስ ሥራው ካልሆነ የት እንደሚገኝ ይታወቃል፤ ጠዋት ሄደህ ትጮህበታለህ።

ስኪኑን ከስኪው ያላቀቅነው የፀጉር ቤቷን ፎን ተውሰን፣ እያሞቅን ነው። ስኪኑ ላይ የቀረውን ማስቲሽ ደግሞ ወረቀት አልብሰን በካውያ አቀለጥነው። ሙጫው ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ወረቀቱን ትገነጥላለህ፣ ሌላ ታለብሳለህ። እዚያም አሮጌ ሙጫ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው አለ አማቼ፤ ከዚያ አዲሱን የስኪን ሙጫ በቱቦ ገዝቶ መቀባት ነው። ታዲያ ይህን ለምን እዚያው አልሠራኸውም ብትለው መልስ የለውም። ማሰሪያውን እዚያው በመሣሪያ እንዲያስለካ አስምለነዋል።

ጎሚስታው የማላቀቂያ አልጠየቀንም። ይልቅ «ጎማ፣ ባትሪ ቻርጅ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር «የበረዶ ጫማ እንለጥፋለን» ብሎ ጨምሯል። አማቼም ጓደኞቹ ሁሉ የተበላሸ ስኪ እንዳላቸው አስታውሶ በሚቀጥለው ገና ሰብስቦ ሊያመጣ አስቧል። አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ይይዛል። እህቴ ግን ለ23ቱ ኪሎ የራሷ ዝርዝር አላት፤ ስኪ የሚል ነገር የለበትም።