የነዳጅ ጭማሪ ዕድሜዋ ይርዘም

አየር መንገድን መውቀስ ቀላል ነው። ሻንጣዬ ዘገየ ብሎ የሚጮኽ፣ ወንበሩ ጠበበኝ ብሎ የሚያማርር ሞልቷል። ከሃያ ዓመት በላይ ትኬታችን ላይ ተቀምጣ ያለ እረፍት የምታገለግለንን አንዲት ክፍያ ግን እስካሁን «ተባረኪ» ያላት ሰው አላየሁም። የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያን ነው የምላችሁ። ዛሬ እኔ ላመስግናት፤ ነውሩ ከሁላችንም ላይ ይነሳ።

መጀመሪያ የማደንቀው ትህትናዋን ነው። ትኬት ስትገዙ የዋጋውን ዝርዝር ክፈቱት። ከላይ የበረራው መሠረታዊ ዋጋ አለ። ከስሩ የኤርፖርት ክፍያ፣ የደህንነት ክፍያ፣ የመንግሥት ታክስ ይደረደራል። እዚያ መሃል «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። እሷ ናት። ከታክሶቹ ጋር ተጠጋግታ ስለተቀመጠች የመንግሥት ትመስላለች። አይደለችም። ገንዘቡ የሚገባው አየር መንገዱ ኪስ ነው። አንዳንዴ ከመሠረታዊው ዋጋ ትበልጣለች፤ ያም ሆኖ «ተጨማሪ» መባሉን አትጠላም። ነዳጅ ለአውሮፕላን ተጨማሪ ነገር መሆኑን ያስተማረችን እሷ ናት። ያለሷ የገዛ ሰው ምናልባት ሜዳው ላይ በግፊት ይነሳ ይሆናል።

ፍቅርም አስተምራለች። ነዳጅ መወደድ በጀመረበት በ2004 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሁለቱ የብሪታንያ አየር መንገዶች፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስና ቨርጂን አትላንቲክ፣ ዓይንና ናጫ ነበሩ። አንዱ ያለበትን ሌላው ማየት አይፈልግም። እሷ ስትመጣ ግን ልባቸው ራራ። እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ስለሷ ተነጋገሩ፣ ተማከሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለረጅም በረራ የደርሶ መልስ ትኬት ከ5 ፓውንድ ተነስታ 60 ፓውንድ ደረሰች። ተፎካካሪዎች ዋጋ ላይ እንዳይመካከሩ የሚከለክለውና ይህን እርቅ ያልወደደው የብሪታንያ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ በ2007 ብሪቲሽ ኤርዌይስን 121.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ፤ በኋላ ወደ 58.5 ሚሊዮን አወረደለት። አሜሪካ ደግሞ 300 ሚሊዮን ዶላር ጨመረችበት። ቨርጂን ቀድሞ ሄዶ ስለተናገረ ሳይቀጣ ቀረ። ፍቅር እስከ መቃብር ነው የሚባለው እንግዲህ እስከ ምርመራ ክፍል ድረስ ብቻ ሆነ።

ከሁሉ በላይ የምቀናው ግን በማስታወስ ችሎታዋ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ሐምሌ 2008 ላይ በርሜሉ 147 ዶላር ሲገባ ወዲያው ሰማች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ 30ዎቹ ሲወርድ ግን ጆሮዋን ትንሽ ከበዳት። በ2014 አጋማሽ ከ110 ዶላር በላይ የነበረው፣ ጥር 2016 ላይ ከ30 በታች ገባ። ብዙ ቦታ ወሬው እሷ ጋ ሳይደርስ ቆየ። ሲወጣ ሰበቡ ገበያው ነው። ሲወርድ ሰበቡ «ቀደም ብለን በውድ ዋጋ ውል ገብተናል» ነው። ይህኛው እንኳ ውሸት አይደለም። ዋጋ ይንራል ብለው አስቀድመው ውል የቆረጡ፣ እንደ ሆንግ ኮንጉ አየር መንገድ ካቴይ ፓሲፊክ ያሉ፣ ዋጋው ሲወርድ ብዙ ከስረዋል። የሚገርመኝ ውሉ ያተረፈ ዕለት ለተሳፋሪው ስልክ የሚደውል አለመኖሩ ነው።

ለእውነቱ ከሆነ ነዳጅ ቀልድ አይደለም። እንደ ጊዜው ከአየር መንገድ ወጪ ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ይወስዳል። አውሮፕላን የሚጠጣውም ድፍድፍ ሳይሆን የተጣራ ኬሮሲን ስለሆነ ዋጋው ከበርሜሉ ጋር ሁሌ እኩል አይሄድም። እና ምን ይጠበስ? የሰራተኛ ደሞዝም ወጪ ነው። «የአብራሪ ተጨማሪ ክፍያ» የሚል መስመር ግን አላየሁም። እንዲህ ስል ሐሳብ እንዳልሰጣቸው ብቻ እፈራለሁ።

ሚያዝያ 2020 ላይ ደግሞ ጉድ ታየ። በወሩ በ20ኛው ቀን በቅርብ የሚረከቡት የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የግዢ ውል ከዜሮ በታች ወርዶ 37.63 ዶላር ተቀናሽ ላይ ተዘጋ። ሻጭ ለገዢ እየከፈለ «ውሰድልኝ» አለ። እኔም በየዋህነቴ ኢሜይሌን ከፍቼ ጠበቅሁ። ነዳጅ ሲወደድ እኔ ከከፈልኩ፣ ነዳጅ ራሱ ሲከፍል ትንሽ ትደርሰኛለች ብዬ። የመጣልኝ «ቤትዎ ይቆዩ» የሚል መልእክት ነው።

ክብሯን የማያውቁ ቦታዎችም አሉ። ጃፓን ውስጥ ትልልቆቹ አየር መንገዶች በየሁለት ወሩ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። የሲንጋፖርን የኬሮሲን አማካይ ዋጋ ያያሉ፣ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ዜሮ ይጽፉባታል። ሚያዝያ 2016 ላይ በእርግጥም ዜሮ ጻፉባት። ሰው ፊት! ሆንግ ኮንግ ባሰች፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ጭራሽ ከለከለቻት። ኅዳር 2018 ላይ ተጸጽታ መለሰቻት እንጂ። አሜሪካ ደግሞ በ2012 «ነዳጅ ብላችሁ ከጠራችኋት ከነዳጁ ወጪ ጋር ትመጣጠን» አለች። አየር መንገዶቹ ምን ቸገራቸው? ነዳጅ የሚለውን ስም ፍቀው «አየር መንገዱ የጣለው ክፍያ» አሏት። አሁን የነዳጅ ዋጋ ቢወርድ ባይወርድ እሷን ምን አገባት? ለሁለት ቀን ብላ የመጣች እንግዳ ቁልፍ አስቀርጻ ቤቱን ስትመራ ማለት ነው።

ታማኝነቷንም ሳላነሳ አላልፍም። ቅናሽ ሲታወጅ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው መሠረታዊው ዋጋ ነው፤ እሷን የሚነካ የለም። ለዓመታት ማይል አጠራቅማችሁ «ነፃ» ትኬት ስትወስዱ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። እሷ ግን አትለያችሁም፤ በብዙ አየር መንገድ ነፃው ጉዞ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይዛ ከጎናችሁ ትቀመጣለች።

አንድ ወዳጄ ባለፈው ጉዞ ሰረዘ። ስሙን የማልጠራው አየር መንገድ ጋ ደወለ። ልጅቷ በጣም ጨዋ ናት።

«የኤርፖርት ታክሱ ይመለስልዎታል። የነዳጁ ግን አይመለስም።»

«እኔ እኮ አልበረርኩም፣ እህቴ።»

«አውሮፕላኑ ግን በሯል፣ ጌታዬ።»

ምን ይበላት? አመስግኖ ዘጋ።