የዘጠኝ ደቂቃው በረራ

የሁለት ተቀራራቢ አውሮፕላን ማረፊያዎችን ስም አስገብቶ ርቀታቸውንና የበረራ ጊዜያቸውን ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው፣ «120 ኪሎ ሜትር፣ 9 ደቂቃ» የሚል ዓይነት መልስ ሊያገኝ ይችላል። ርቀቱ በምድር ክብነት ላይ የተለካ አጭሩ መስመር ስለሆነ አያከራክርም። ደቂቃው ግን ያንኑ ርቀት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት በማካፈል ብቻ የተገኘ ነው፤ በእንዲህ ያለ አጭር መስመር ላይ ይህን ጊዜ የሚያሟላ የመንገደኞች ጄት የለም።

ለምን እንደሆነ ለማየት ጉዞውን ከመነሻው መከተል ይበቃል። በሩ ተዘግቶ ከቆመበት ወደ ኋላ የተገፋው አውሮፕላን፣ መንደርደሪያው ጫፍ እስኪደርስ በመሬት ላይ በዝግታ ይጓዛል፤ ከፊቱ ሌሎች ካሉም ተራውን ይጠብቃል። የሚነሣው ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ስለሆነ፣ አንዳንዴ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ተነሥቶ አየር ላይ ይዞራል። በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር የማይፈቀድ ሲሆን፣ ያ 800 የተባለው ፍጥነት የሚገኘው ከዚህ እጅግ ከፍ ብሎ ነው። በ120 ኪሎ ሜትር ውስጥ አብራሪው ከፍታውን ይዞ ሳይረጋ መውረድ ይጀምራል፤ ከዚያም ከማረፊያው መስመር ጋር ለመስተካከል ዞሮ መምጣት ሊኖርበት ይችላል።

አየር መንገዶች በትኬት ላይ የሚያሰፍሩት ሰዓት አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት መድረሻው ላይ እስከሚቆምበት ያለውን በሙሉ ስለሚጨምር፣ ከስሌቱ ብዙ እጥፍ ቢሆን ሊያስደንቀን አይገባም። በአሥር ሰዓት በረራ ላይ ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። በአጭር በረራ ላይ ግን ጉዞው ራሱ እርሱ ነው፤ ስሕተቱ የሚገዝፈውም መንገደኛው በአውሮፕላን፣ በባቡር ወይም በመኪና መሄድን በሚያማርጥበት ርቀት ላይ መሆኑ በጣም ያሳስበኛል። ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ ገና አልተቈጠሩም።

እርግጥ ነው፣ በእውነት በደቂቃ የሚያልቅ በረራ አለ። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች፣ በዌስትሬይና በፓፓ ዌስትሬይ መካከል ያለው 2.7 ኪሎ ሜትር በረራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ53 ሴኮንድ የተጠናቀቀበት ጊዜም አለ። ይህ የሆነው ግን ከፍታ የማያስፈልጋት ትንሽ አውሮፕላን ስለምትበርበትና በመካከል ያለውም ባሕር ስለሆነ ነው።

ፈረንሳይ በ2021 ባወጣችውና በ2023 በሥራ ባዋለችው ሕግ፣ በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች የሚያስኬዱ አማራጮች ባሉባቸው መስመሮች፣ ለምሳሌ ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ናንትና ቦርዶ፣ የአገር ውስጥ በረራን ከልክላለች። የዚህ ዓይነቱን ሕግ የሚደግፍም ሆነ የሚቃወም ዜጋ ሚዛኑን የሚያስተካክለው ጊዜው በሁለቱም በኩል በአንድ መስፈሪያ ሲለካ ነው። ስለዚህ የርቀት መረጃ የሚያቀርቡ ድረ ገጾች ከደቂቃው ጎን «መነሣትና ማረፍ ያልተቈጠረበት» ብለው ይጻፉ፤ ከተቻለም በዚያው መስመር የሚበር አየር መንገድ ያወጣውን ሰዓት አብረው ያሳዩ።