«መስኮቱን ዝጉ፣ ባዶ ሆዳቸውን ይጓዙ» ለሚለው ምክር የተሰጠ እርማት

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሕፃናት ይዘው በመኪና ለሚጓዙ ወላጆች «ነፋስ እንዳይመታቸው መስኮት ዝጉ፣ እንዳያስመልሳቸውም ምግብ አትስጧቸው» ተብሎ የተሰጠው ምክር ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም እርማት ያስፈልገዋል። ጉንፋን የሚይዘው ከቫይረስ እንጂ ከመስኮት ከሚገባ አየር አይደለም፤ እንዲያውም የሚያስል ሰው ባለበት ዝግ መኪና ውስጥ መቀመጥ ይበልጥ ያጋልጣል።

ማቅለሽለሹ የሚነሳው የውስጠኛው ጆሮ የመኪናውን እንቅስቃሴ እያወቀ ዓይን ግን ስልክ ወይም የፊት ወንበር ጀርባ ላይ ተተክሎ ሲቀር፣ አንጎል የማይስማሙ ሁለት መልእክቶች ስለሚደርሱት ነው፤ በተለይም ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንጠማዘዝ የልጄ ፊት አመድ መስሎ ነበር፤ ስልኩን ተቀብዬ፣ መስኮቱን አራት ጣት ያህል ከፍቼ ማዶውን ገደል እንድታይ ሳደርግ ሳታስመልስ ድልድዩን ተሻገርን።

ባዶ ሆድም እንደ ጥጋብ ሁሉ ማቅለሽለሹን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ ከመነሳት በፊት ጥቂት ዳቦ፣ በየመንገዱም ውኃ በትንሽ በትንሹ መስጠት ይሻላል። የመንገድ ስንቃችን የሆነው ቆሎ ግን ከ4 ዓመት በታች ያሉትን ሊያንቃቸው ስለሚችል ለአዋቂዎቹ ብቻ ይሁን።