ርካሹ ዋጋ ለምን ትንሿ ደሴት ላይ ወደቀ?

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂንያ ደውሎ ሰላምታው ከረዘመ ጉዳይ አለው ማለት ነው። ባለፈው ኅዳር እናቴን ጠየቀ፣ ጉልበቴን ጠየቀ፣ የአቴንስን ብርድ ጠየቀ፤ ከዚያ «አንቺ አገሩንም ቋንቋውንም ታውቂዋለሽ፤ ደሴት ላይ ቤት ልገዛ ነውና አስተርጓሚ ትሆኚኛለሽ» አለኝ። ፎቶዎቹን በዋትስአፕ ላከ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር፣ ከበረንዳው ሥር መዋኛ ገንዳ፣ ከገንዳው ማዶ ባሕር። ቦታው ሴሪፎስ የምትባል ደሴት ናት። ዋጋው ከ400 ሺህ ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። «ሚኮኖስ ቢሆን 800 ሺህ ይሉኝ ነበር፤ እዚህ በግማሹ ቤቱም የመኖሪያ ፈቃዱም ይገኛል» ሲል ድምፁ የፋሲካ በግ ተከራክሮ ያስቀነሰ ሰው ድምፅ ነበር።

ስሌቱ ልክ ነው። እኔን ያናደደኝ እሱ ሳይሆን ስሌቱን እንዲህ አድርጎ የጻፈው ሕግ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ግሪክ በ2013፣ የዕዳው ቀውስ ወገቧን ይዞ ሳለ፣ 250 ሺህ ዩሮ አውጥቶ ቤት ለሚገዛ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆነ ሰው የአምስት ዓመት፣ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ጀመረች። ጎልደን ቪዛ የሚባለው ይኸው ነው። ፈቃዱን ለማቆየት አገሩ ውስጥ መኖር ግዴታ አይደለም፤ ቤቱን ሳይሸጡ መያዝ ይበቃል። የቤት ዋጋ ጣሪያ ሲነካና ሕዝቡ ሲያጉረመርም መንግሥት በ2023 በአንዳንድ ቦታዎች ተመኑን ወደ 500 ሺህ ከፍ አደረገው። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ደግሞ አገሩን ለሁለት ከፈለው፦ አቴንስ ያለችበት አቲካ፣ ተሰሎንቄ፣ ሚኮኖስ፣ ሳንቶሪኒ እንዲሁም ከ3,100 በላይ ነዋሪ ያላቸው ደሴቶች 800 ሺህ፤ የቀረው 400 ሺህ። ሁለቱም ጋ አንድ ቤት፣ ከ120 ካሬ ሜትር ያላነሰ። ታሪካዊ ሕንፃ ለሚያድስ የተለየ ተመን አለ፤ እሱን እንለፈው።

3,100 የሚለውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ፓሮስ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታልና 800 ሺህ ውስጥ ገባች። አንቲፓሮስ ፊት ለፊቷ ናት፤ ፓሮስ ላይ ካለችው ከፑንዳ ወደብ ጀልባ የገባ አጫሽ አንዱን ሲጋራ ጨርሶ ሌላ ሳይለኩስ ይደርሳል። ነዋሪዋ ግን አንድ ሺህ ምናምን ብቻ ስለሆነ እሷ ጋ ዋጋው 400 ሺህ ነው። የሆሊውዱ ተዋናይ ቶም ሃንክስ ቤት ያለው እዚያ ነው። ለድህነቷ የታዘነላት ደሴት አትመስለኝም።

መንግሥት የሚለው «ከታወቁት ቦታዎች ላይ ጫናውን ቀነስን» ነው። ቀንሶ የት አኖረው? ከአህያዋ ጀርባ አውርዶ ውርንጭላዋ ላይ ጫነው። የአውሮፓ ቅርስ ተቆርቋሪ የሆነው ዩሮፓ ኖስትራ በዚያው በ2024 በአህጉሩ እጅግ ለአደጋ ከተጋለጡ ሰባት ቅርሶች አንዱ ብሎ የሲክላዲስ ደሴቶችን፣ ፓሮስም ሴሪፎስም ያሉበትን የግሪክ ደሴቶች ስብስብ፣ መዝግቧል። በተለይ ብሎ የጠራቸው ሦስት ናቸው፦ ሲፍኖስ፣ ሴሪፎስ፣ ፎሌጋንድሮስ። ሦስቱም ከ3,100 በታች ናቸው። አንዱ ወገን «እነዚህ ሊጠፉ ነው» ብሎ ሲጮህ ሌላው እነዚሁኑ በግማሽ ዋጋ ገበያ አውጥቷል።

እኔ ይህን ከጋዜጣ ብቻ አይደለም የማውቀው። የአቴንስ ሐበሻ ሴቶች ኑሮ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በብርዱ ወራት ኪፕሴሊ በሚባለው የአቴንስ ሰፈር አዛውንት መንከባከብ፣ በሙቀቱ ደሴት ላይ ጽዳት። ስድስት ዓመት ፓሮስ ላይ ቪላ አጽድቻለሁ። ሥራው የሚጀምረው ቤት በመክፈት ነው። ሰባት ወር ተዘግቶ የከረመ ቤት በሩን ስትከፍቱት እንደ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። የማቀዝቀዣው በር እንዳይሻግት በእንጨት ተደግፎ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ፤ ፍራሹ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ መስኮቱ ላይ ጨው ተጋግሮ ባሕሩን ማየት አይቻልም። መስተዋቱን ሦስት ጊዜ ታጥባላችሁ፤ በማግስቱ ነፋሱ ጨዉን መልሶ ያመጣዋል።

ከማጸዳቸው አንዱ አራት መኝታ ቤት ነበረው። አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ያደረበት አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ነው። እንዴት አወቅሽ የሚለኝ ካለ፣ አንሶላውን የምቀይረው እኔ ነበርኩ። እኛ የጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ ለሁለት ሰው በተሠራ ክፍል አራት ሆነን ነበር የምናድረው፤ ደሴቲቱ ላይ የሚከራይ ቤት ስለጠፋ። ከግድግዳችን ማዶ የትምህርት ቤት መምህርት ትኖር ነበር፤ በየዓመቱ ወደ ተለያየ ቦታ ከሚመደቡት ምትክ መምህራን አንዷ። የቤት ኪራይ ውሏ ከመስከረም እስከ ግንቦት ነው የሚለው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ፈተና ሳታርም ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ክፍሉ ለቱሪስት ተፈልጓል። የቀሩትን ሳምንታት ባልደረባዋ ሶፋ ላይ አሳለፈች። በየደሴቱ ስለ መምህራንና ስለ ሐኪሞች የምትሰሙት ይኸው ነው፤ መንግሥት ይመድባል፣ የተመደበው የሚያድርበት ያጣል።

የውሃው ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ፓሮስ ላይ ሌፍኬስ የምትባል ተራራማ መንደር ውስጥ ጓደኛዬ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ሁላችንም ያያ ነው የምንላቸው፣ በግሪክኛ አያት ማለት ነው። የያያ ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ በየዓመቱ ኖራ ይቀባል። የሚቀባው ለፎቶ እንዳይመስላችሁ። ዝናቡ ከጣሪያው በቦይ ወርዶ ከወለሉ ሥር ወዳለው ጉድጓድ ይገባል፤ ኖራው ውሃውን ያጠራዋል። ቤቱ ራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። ያያ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጥል ቴሌቪዥኑን አስቀንሰው ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ዛሬ በማስታወቂያው ላይ «ባህላዊ የሲክላዲስ ቤት» እየተባለ የሚሸጠው የዚህ ቤት ቅርፁ ብቻ ነው። ነጭ ቀለሙ አለ፣ ጉድጓዱ የለም፤ በምትኩ ገንዳ አለ። ነሐሴ ላይ ገንዳውን የሚሞላው የውሃ ቦቴ ጠባቡን መንገድ ዘግቶ ሲቆም አይቻለሁ። ጎረቤት ደሴት ናክሶስ በ2024 ትልቁ ግድቧ ደርቆ የሚጠቀሙበት ውሃ አልቀረበትም ነበር። ናክሶስ ደግሞ ከሲክላዲስ ሁሉ ትልቋና የእርሻ ደሴት ናት። ሴሪፎስን አስቡት።

ያያ የነገሩኝ ሌላም ነገር አለ። በእነሱ ልማድ ቤት የሚወርሰው ወንድ ልጅ አይደለም፤ የእናት ቤት ለሴት ልጅ ነው የሚሰጠው፣ ስትዳር። ይህ የሙሽሪት ወላጆች የሚሰጡት ጥሎሽ በሕግ የቀረው በ1983 ነው፤ ልቡ ግን አልቀረም። ለም የሆነው የመሃል መሬት ለተወደደው ልጅ ሲሰጥ፣ ባሕር ዳር ያለው ጨው የበላው፣ ፍየል የማይጠግብበት መሬት ደግሞ ለመጨረሻው ይጣልለት ነበር። የያያ ታናሽ ወንድም የደረሰው እሱ ነበር። አርባ ዓመት ሲያዝኑለት ከርመው አንድ ቀን ሸጦት ሁሉንም በለጣቸው። ይህን ሲነግሩኝ ይስቃሉ፤ «እኔ ሽንብራ ወረስኩ፣ እሱ ባሕር ወረሰ» እያሉ።

እንግዲህ ደሴተኛው ራሱ ነው የሸጠው የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነት ነው። ርስቱን ሸጦ አቴንስ ላይ ለልጆቹ አፓርታማ የገዛውን ሰው ልወቅሰው አልችልም። ግንበኛው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ አትክልተኛው ከቪላ እንጀራ ይበላል። እኔም በልቻለሁ፤ የእህቴን ልጅ ያስተማርኩት የሌላ ሰው መታጠቢያ ቤት ፈግፍጌ ነው። የሀብታም ጥላቻ የለብኝም። ግን ጥር ላይ ያያን ልጠይቅ ሄጄ ከበረንዳቸው ቁልቁል ወደ ባሕሩ ስናይ መብራት ቆጠርን። ነሐሴ ላይ እንደ ደመራ የሚንቦገቦገው ቁልቁለት አሥራ አንድ መብራት ብቻ ነበረው፤ ሦስቱ የመንገድ ናቸው። ያ ሁሉ ግድግዳ፣ ያ ሁሉ አልጋ ጨለማ ነው፤ ታች ወደቡ ላይ ደግሞ አዲሷ ነርስ ሆቴል ውስጥ እንደምታድር ጓደኛዬ ነገረችኝ።

አዲሱ ሕግ አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል፤ በጎልደን ቪዛ የተገዛ ቤት እንደ ኤርቢኤንቢ ለአጭር ጊዜ እንዳይከራይ ከልክሏል፤ የጣሰ 50 ሺህ ዩሮ ይቀጣል፣ ፈቃዱንም ያጣል። አቴንስ ላይ ይህ ትርጉም አለው፤ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ያከራየዋልና ቤት ወደ ገበያ ይመለሳል። ደሴት ላይ ግን የገዛው ነሐሴን ራሱ ሊያሳልፍበት ነው። ለመምህርቷ ዓመቱን ሙሉ ቢያከራያት ነሐሴ የት ሊሄድ ነው? ስለዚህ ይቆልፈዋል።

ሌላ አገር ይህን ከእኛ ቀድመው አይተውታል። ስዊዘርላንድ በ2012 በሕዝብ ድምፅ በአንድ ወረዳ ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ የሆነው ቤት ሁለተኛ ቤት እንዳይሆን ወሰነች፤ ጣሪያው ከደረሰ አዲስ የሽርሽር ቤት መሥራት ቀረ። ስዊስ ሀብታም ትጠላለች የሚል ሰው የለም። እንግሊዝ ውስጥ ሴንት አይቭስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ በ2016 አዲስ የሚሠራ ቤት ለቋሚ ነዋሪ ብቻ ይሁን ብላ ድምፅ ሰጠች። እሷ ጋ የታየው ክፍተት ትምህርት ይሆናል፤ ክልከላው አዲሱን ብቻ ስለነካ የሽርሽር ፈላጊው ዓይኑን ወደ ነባሩ ቤት አዞረ። ግሪክም ገደብ ካበጀች አሮጌውንም ይንካ።

የእኔ ሐሳብ ውስብስብ አይደለም። ሠንጠረዡ ይገልበጥ። 3,100 ሰው የሌላት ደሴት ርካሿ ሳትሆን ዝግ የምትሆነው ትሁን፤ ቢያንስ ጎልደን ቪዛ አይሰጥባት። ገንዳ ያለው ቤት ውሃውን ከራሱ ጣሪያ ይሰብስብ፤ የያያ አያቶች ያለ መሐንዲስ የቻሉት ነገር ነው። ተዘግቶ ለሚከርም ቤት ታክሱ ይክበድና ገንዘቡ እዚያው ደሴት ላይ ለመምህርና ለሐኪም ማደሪያ ይሠራበት። ገዢ ይሸሻል የሚሉኝ አሉ። ይሽሽ፤ ያን ያህል የሚወደውማ ይቀራል።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ንግግር አላደረግኩለትም። የጠየቀኝን ነው የመለስኩለት፦ መጀመሪያ የግብር ከፋይ ቁጥር አውጣ፤ ከሻጩ ወኪል ጋር ያልተዛመደ ጠበቃ ያዝ፤ መሐንዲስ ቤቱ ያለ ፈቃድ የተጨመረበት ነገር እንደሌለ ያረጋግጥ፣ ደሴት ላይ በረንዳ በአንድ ክረምት መኝታ ቤት ይሆናልና። መሬቱ መንግሥት ደን ብሎ በከለለው ካርታ ላይ እንዳይወድቅ ይታይ። ከዚያ ኖተር (ውሉን የሚያጸድቀው የሕግ ሰው)፣ ከዚያ የመሬት መዝገቡ፣ ከዋጋው ላይ 3.09 በመቶ የስም ማዛወሪያ፣ በየዓመቱ ደግሞ የንብረት ግብር። ጻፈው።

አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። «ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ጥር ላይ ና፤ አራት ሌሊት እዚያው ቤት እደር። ነፋሱ ጀልባ ሲያስቀር እየው፣ ዳቦ ቤቱ ክፍት መሆኑን እየው፣ ጎረቤት ካለህ አንኳኩና ቡና ጠጣ።»

«ጥር ላይ ምን አለ?» አለ።

«እኮ!»

ሳቀ። ግን ልጁ ነገር ይሰማል፤ ወኪሉን ጠይቆ ኖሮ መልሱን በሦስተኛው ቀን አስተላለፈልኝ። በትሕትና የተጻፈ ነው፦ ከኅዳር እስከ መጋቢት የቤቱ ውሃ ስለሚዘጋ ለጊዜው ማስተናገድ አንችልም፤ ለፋሲካ ቢመጡ ግን በደስታ እንቀበልዎታለን።